ከፖቶማክ እስከ ጀበና

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የምተርክላችሁ የአንድ ከተማ የውኃ ታሪክ ነው። ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ናት፤ ዘጠነኛው መንገድና ዩ ስትሪት በሚገናኙበት ሰፈር የአማርኛ ታፔላ የሚታይባት፣ ስንትና ስንት ወገናችን ልጅ ወልዶ ያሳደገባት። የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነውና ይህን ያዙልኝ።

የዋሽንግተን ሰው የሚጠጣው የፖቶማክን ወንዝ ነው። ወንዙ ግሬት ፎልስ ከሚባለው ፏፏቴ አጠገብ ይጠለፋል። መጥለፊያውንና ማጣሪያውን የያዘው የከተማው መሥሪያ ቤት እንዳይመስላችሁ፤ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ክፍል ነው። በ1853 ግንባታውን የጀመሩት እነሱ፣ ዛሬም የሚያስተዳድሩት እነሱ። ውኃውን አጣርተውና አክመው ለከተማው ይሸጣሉ። ከዚያ ወዲህ በየመንገዱ ሥር አከፋፍሎ ቤት የሚያደርሰውና ሂሳቡን የሚሰበስበው የከተማው የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ታሪኩ በሆነበት ዘመን ዋሳ ይባል ነበር፤ ከ2010 ወዲህ ዲሲ ዎተር ሆኗል። ከሁለቱም በላይ ደግሞ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በተቆጣጣሪነት ተቀምጧል። አንዱ ያክማል፣ አንዱ ያከፋፍላል፣ አንዱ ይቆጣጠራል። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ ይፈለጋል።

በመንገዱ ሥር የሚያልፈው ትልቁ ቧንቧ ብረት ነው። ከእሱ ወጥቶ በየቤቱ ምድር ቤት በኩል የሚገባው ቀጭን መስመር ግን በአሮጌዎቹ ሰፈሮች የእርሳስ ነው፤ ያ ለባትሪና ለጥይት የሚውለው ከባድ ማዕድን። የዛሬ መቶ ዓመት የነበሩ የቧንቧ ሠራተኞች እርሳስን የወደዱት በከንቱ አልነበረም። ለስላሳ ነው፤ እንደ ፈለጉት ይታጠፋል። እንደ ብረት አይዝግም። መሬቱ ቢሰምጥ ወይም ቢንቀሳቀስ አብሮት ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም። ቺካጎን የሚያህል ከተማ እስከ 1986 ድረስ በግንባታ ደንቡ ያስገድድ ነበር። በዚያው በ1986 ኮንግረሱ አዲስ የእርሳስ ቧንቧ እንዳይቀበር ከለከለ። የተቀበረውን አውጡት ያለ ግን አልነበረም። በዋሽንግተን ወደ 23,000 የሚጠጋ ቤት በእርሳስ መስመር ይጠጣ እንደነበር ተገምቷል።

እርሳስ በሰው ገላ ውስጥ አንዳች ሥራ የለውም። መዳብ እንኳ በጥቂቱ ያስፈልገናል። እርሳስን ግን ሰውነታችን ካልሲየም መስሎት ይቀበለውና አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ እዚያም ለብዙ ዓመት ይኖራል። ሴት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ሕፃን ልጅ ከአዋቂ ይልቅ የዋጠውን እርሳስ ወደ ደሙ አብዝቶ ያስገባል፤ ጉዳቱም በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ነው። ከሁሉ የሚያሰጋው ጡጦ የሚጠባው ነው፤ የዱቄት ወተቱ የሚበጠበጠው በቧንቧ ውኃ ከሆነ ቀኑን ሙሉ የሚመገበው ያንኑ ውኃ ነውና።

መዳብ ራሱን ያጋልጣል። ውኃው መዳቡን ሲበላው ሳህን ማጠቢያው ላይ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት እድፍ ይተዋል፤ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም አለው፤ ሲበዛ ሆድ ይቆርጣል፣ ያስመልሳል። እርሳስ ግን ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ኩልል ያለ ውኃ መስታወት በመሰለ ብርጭቆ ተቀድቶ እርሳሱ በውስጡ ሊኖር ይችላል።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከአገር ቤት የመጣን ሰዎች ውኃን የምንፈራበት የራሳችን ምክንያት አለን፤ ተቅማጥና ታይፎይድ አስተምሮናል። ስለዚህ ከደፈረሰ እናጠልለዋለን፣ ከጠረጠርን እናፈላዋለን፣ ወይ ውኃ አጋር ጠብ እናደርግበታለን። ይህ ሁሉ ለተሕዋስያን እውነተኛ መድኃኒት ነው። ለእርሳስ ግን አይሠራም። ማፍላት እርሳስን አያጠፋም፤ ውኃው ሲተን እርሳሱ በቀረው ውኃ ውስጥ እየበዛ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ የሚፈላው የጀበና ቡናም ሆነ ለሕፃኑ ተብሎ የተንተከተከው ውኃ ከዚህ አያመልጥም። የእናት ጥንቃቄ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ ጠላቱ ሌላ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ የማይታየውን በምን ያውቁታል? በመለካት ነው። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው በ1991 የእርሳስና የመዳብ ደንብ የሚባለውን አወጣ። ይህ ደንብ ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለው። አብዛኛው ብክለት የሚለካው ውኃው ከመሰራጨቱ በፊት ነው። እርሳስና መዳብ ግን የሚገቡት ውኃው ከማጣሪያው ከወጣ በኋላ፣ ከደጅ እስከ ወጥ ቤት ባለው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ መለካት ያለባቸው በሰው ቤት ነው፤ ቀጂውም አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ሰው ራሱ ነው።

አቀዳዱን በደንብ ስሙ፤ የታሪኩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነውና። መሥሪያ ቤቱ አንድ ሊትር የሚይዝ አፈ ሰፊ የፕላስቲክ ጠርሙስና አንድ ቅጽ ይሰጣል። ማታ ዕቃው ታጥቦ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ውኃው ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይነካ ቆሞ ማደር አለበት። ሌሊት ተነስቶ ሽንት ቤት ውኃ የለቀቀ፣ ማልዶ ገላውን የታጠበ ሰው ካለ ሰዓቱ እንደገና ይቆጠራል። ጠዋት የወጥ ቤቱ ቀዝቃዛ ቧንቧ ሥር ጠርሙሱ አስቀድሞ ይደገናል፣ ከዚያ ቧንቧው ይከፈታል፤ የመጀመሪያዋ ጠብታ እንዳታመልጥ። ሲሞላ ይከደናል። ውኃው ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቆመና በስንት ሰዓት እንደተቀዳ ቅጹ ላይ ይጻፋል፤ ጠርሙሱ ደጅ ይቀመጣል፤ ሠራተኛ መጥቶ ይወስደዋል። ላቦራቶሪ ሲደርስ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ማዕድን ሳይቀር እንዲሟሟ ነው። ከዚያ መሣሪያው በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ማይክሮግራም እንዳለ ያነባል። ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ እጅ ነው።

ደንቡ የእርምጃ መነሻ ብሎ ያሰመረው ለእርሳስ በሊትር 15 ማይክሮግራም፣ ለመዳብ ደግሞ 1.3 ሚሊግራም ነበር። አንድ ትልቅ ከተማ ሙሉ ምርመራ ሲያደርግ 100 ቤቶችን ይለካል። ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረደራሉ፤ ልጆች በትምህርት ቤት ሰልፍ በቁመታቸው እንደሚቆሙት። 90ኛው ላይ የቆመው ቁጥር ከ15 ካልበለጠ ከተማው አልፏል። ከ91ኛው እስከ መጨረሻው የተሰለፉት ቤቶች ቁጥራቸው 20 ይሁን 2,000 ውጤቱን አይለውጡትም። እኔ ይህን ደንብ ባሰብኩ ቁጥር የሚከነክኑኝ እነዚያ ከሰልፉ ጫፍ የቆሙት አሥር ቤቶች ናቸው። በዚያ ላይ 15 የጤና መስመር አይደለም። የኤጀንሲው የራሱ የጤና ግብ ዜሮ ነው። 15 የተመረጠው ውኃውን በማከም ሊደረስበት የሚቻል ነው ተብሎ ነው። ብዙ ሰው ግን ከ15 በታች ሲባል ደኅና ማለት መስሎት ኖሯል።

ወደ ፖቶማክ ልመልሳችሁ። ለረጅም ዘመን ውኃው የሚታከመው በክሎሪን ነበር። ክሎሪን በወንዙ ውኃ ውስጥ ከሚሟሙት የቅጠልና የአፈር ቅሪቶች ጋር ሲገናኝ ካንሰር ያመጣሉ ተብለው የሚፈሩ ውህዶችን ይፈጥራል። የፌዴራሉ መንግሥት በነዚህ ላይ ሲያጠብቅ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች በኅዳር ወር 2000 ክሎሪኑን በክሎራሚን ተኩት፤ ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተዋሐደበት ማለት ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። የተፈሩት ውህዶችም ቀነሱ።

ምድር ሥር ግን ሌላ ነገር ጀመረ።

በሰኔ 2002 በተጠናቀቀው የምርመራ ዓመት 90ኛው ላይ የቆመው ቁጥር 75 ማይክሮግራም ሆነ፤ ከመስመሩ አምስት እጥፍ። ደንቡ እንዲህ ሲሆን ሁለት ነገር ያዛል። አንደኛ፣ ለሕዝብ ንገር። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ከእርሳስ መስመሮችህ 7 በመቶውን አውጥተህ ቀይር።

ስለ መንገሩ ብዙ የምናገረው ነበረኝ፤ ላሳጥረው። ማስታወቂያ የሚባል ነገር ተልኳል። በራሪ ወረቀትም ነበር። ያነበበው ሰው ግን ልጄን ይህን ውኃ ላጠጣ ወይስ ልተው ብሎ ሊወስን የሚችልበት ቃል አላገኘበትም። የፌዴራሉ ኤጀንሲ ራሱ በ2004 ዋሳ ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታውን ሕጉ በሚለው መንገድ አልተወጣም ብሏል። የመሥሪያ ቤቱ የውኃ ጥራት ኃላፊ የነበሩት ሴት ቁጥሩን ለተቆጣጣሪው ኤጀንሲ በቀጥታ ካሳወቁ በኋላ በ2003 ከሥራ ተሰናበቱ፤ ጉዳዩን የመረመረው የፌዴራል መርማሪም ስንብቱ አግባብ አልነበረም ብሎ አገኘው።

ስለ መቀየሩ የሆነው ይበልጥ ይገርማል። ደንቡ አንድ ቀዳዳ ነበረው። ከእርሳስ መስመር የተቀዳ ውኃ ተለክቶ ከ15 ካልበለጠ ያ መስመር እንደተቀየረ ይቆጠር ነበር፤ ሳይቆፈር፣ ሳይነካ። ስለዚህ በ2003 ዋሳ ብዙ ሺህ ቤቶችን መለካት ጀመረ።  ጠርሙሱ ግን የታሰበለትን አላመጣም። ከተለኩት 6,118 ቤቶች 4,075ቱ ከ15 በላይ ሆኑ። 2,287ቱ ከ50 በላይ። 157ቱ ከ300 በላይ።

እስቲ እነዚህን ቁጥሮች ቤት አድርጋችሁ አስቧቸው። ቁጥሮቹ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሳለ በእነዚያ ቤቶች ጠዋት ጠዋት ቡና ይፈላል፣ ጡጦ ይበጠበጣል፣ ነፍሰ ጡር ሴት ውኃ ጠምቷት ሌሊት ትነሳለች። ውኃውን ቀድተው ጠርሙሱን ደጅ ያስቀመጡት እነሱ ናቸው። ውጤታቸውን ለመስማት ግን ወራት የጠበቁ ነበሩ።

ከተማው የሰማው ጥር 31 ቀን 2004 ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዋሽንግተን ፖስት የዴቪድ ናካሙራን ዘገባ በፊት ገጹ ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም። ስልኩ ተጨናነቀ፤ ለሕፃናት የደም ምርመራ ወረፋ ተያዘ፤ የእርሳስ መስመር ላላቸው ቤቶች ማጣሪያ ታደለ፤ እርጉዝ ሴቶችና ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ያልተጣራ ውኃ እንዳይጠጡ ተነገረ። ኮንግረሱ ሦስቱንም መሥሪያ ቤቶች ጠርቶ ጠየቀ። ያኔ ነው ያ ልብ በሉ ያልኳችሁ ነገር የታየው። ያከመው ቧንቧው የእኔ አይደለም ይላል፤ ያከፋፈለው ውኃውን ያከምኩት እኔ አይደለሁም ይላል፤ የተቆጣጠረው ደግሞ ወረቀቱ ደርሶት ነበር።

አሁን ወደ አንድ ሰው ልውሰዳችሁ። ማርክ ኤድዋርድስ ይባላሉ፤ የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ሙያቸው ቧንቧ በውኃ እንዴት እንደሚበላ መመርመር። ዋሽንግተን ያመጣቸው እርሳስ አልነበረም፤ መዳብ ነው። በከተማው የመዳብ ቧንቧዎች እንደ መርፌ ቀዳዳ እየተበሱ ያፈስሱ ነበርና ምክንያቱን ለማጥናት በ2003 ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር። በአንድ ቤት ሲለኩ እርሳሱ መሣሪያው ሊያነብ ከሚችለው በላይ ሆነባቸው። ውኃውን አቅጥነው እንደገና ሲለኩትም ቁጥሩ ከ1,250 ማይክሮግራም ያላነሰ ሆነ።

ኤድዋርድስ ያዩት ሌላም ነገር ነበር፤ በዚህ ታሪክ እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ሌሊቱን የቆመው ውኃ በሁለት ቦታ ነው ያደረው። የመጀመሪያው ሊትር ያደረው በቤቱ ውስጥ ባለው ቧንቧ ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። ከመሬት ሥር ባለው የእርሳስ መስመር ውስጥ ያደረው ውኃ ግን ወደ ወጥ ቤት የሚደርሰው ጥቂት ሊትሮች ከፈሰሱ በኋላ ነው። ደንቡ የሚያስለካው የመጀመሪያውን ሊትር ብቻ ነበር። ስለዚህ ቀጂው ደንቡን አክብሮ፣ ጠብታ ሳያባክን፣ ጠርሙሱን ሞልቶ ሲከድን የከፋው ውኃ ገና ከኋላ እየመጣ ነበር። ለሕዝቡ ደግሞ የተሰጠው ምክር ምን ነበር? ከመጠጣታችሁ በፊት ከሠላሳ ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ አፍስሱት። በብዙ ቤቶች ያ ደቂቃ በእርሳስ መስመሩ ያደረው ውኃ ብርጭቆው ላይ የሚደርስበት ደቂቃ ነው። የታዘዘውን ያደረገች እናት የከፋውን ቀዳች።

ምክንያቱስ? ይህን ያብራሩት ኤድዋርድስና የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ኬሚስት ማይክል ሾክ ናቸው። ጠንካራው ክሎሪን በነበረባቸው አሥርት ዓመታት በእርሳሱ ቧንቧ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የእርሳስ ዳይኦክሳይድ ቅርፊት ጋግሯል። ይህ ቅርፊት በውኃ በቀላሉ አይሟሟም፤ ውኃውንና እርሳሱን ለያይቶ አቆይቷቸዋል። በሕይወት የሚቆየው ግን ክሎሪኑ ሲኖር ብቻ ነው። ክሎራሚን ለዚህ ደካማ ነው። ክሎሪኑ ሲሄድ ቅርፊቱ ወደሚሟሟ እርሳስ እየተለወጠ ከውኃው ጋር ወጣ። ስንት ዓመት የተከማቸው በየብርጭቆው ተቀዳ።

በነሐሴ 2004 መሐንዲሶቹ ኦርቶፎስፌት የሚባለውን ውኃው ውስጥ መጨመር ጀመሩ። ፎስፌቱ ከእርሳሱ ጋር ተዋሕዶ አዲስ ቅርፊት ይሠራል። ወራት ፈጀ እንጂ ሠራ፤ ቁጥሩ እየወረደ ሄዶ ከመስመሩ በታች ገባ።

ስለ ልጆቹስ? በመጋቢት መጨረሻ 2004 የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል ከ300 ማይክሮግራም በላይ በተገኘባቸው ቤቶች ከሚኖሩ ሰዎች 201ዱን መርምሮ በደማቸው ያኔ አሳሳቢ የሚባለው መጠን የተገኘበት ማንም የለም አለ። ወሬው እፎይታ ሆነ፤ ሌሎች ከተሞችም እንደ ማስረጃ ያዙት። ግን ደማቸው የታየው ዜናው ከወጣ በኋላ፣ ብዙዎቹ የቧንቧውን ውኃ ትተው የታሸገ ወይም የተጣራ መጠጣት ከጀመሩ ወዲህ ነው። እርሳስ ደም ውስጥ የሚቆየው ለሳምንታት ነው፤ ከዚያ ወደ አጥንት ይገባል። በ2009 ኤድዋርድስና ባልደረቦቻቸው ከአንድ የሕፃናት ሆስፒታል የደም መዝገብ ተነስተው ባወጡት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወር በታች በሆኑ ሕፃናት መካከል ከፍተኛ እርሳስ የተገኘባቸው ድርሻ ከ2001 እስከ 2003 ባለው ጊዜ በ2000 ከነበረው ከአራት እጥፍ በላይ ሆኗል። በ2010 የኮንግረሱ ንዑስ ኮሚቴ የማዕከሉ ጽሑፍ ጉድለት ባለበት መረጃ ላይ እንደቆመና ሕዝቡን በሐሰት እንዳጽናና በምርመራው ጻፈ። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

መዳብ በዚህ ታሪክ እንደገና ይመጣል። ዋሳ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ የእርሳስ መስመሮችን መቆፈር ጀመረ። ነገር ግን የመስመሩ ግማሽ፣ ከመንገድ እስከ ግቢው ድንበር፣ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ከድንበሩ እስከ ቤቱ ያለው የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ የራሱን ካልከፈለ የሚቀየረው የመንገዱ ግማሽ ብቻ ነው። በሺዎች በሚቆጠሩ ቤቶች የሆነው ይህ ነው፤ ግማሹ አዲስ መዳብ፣ ግማሹ አሮጌ እርሳስ። ሲቆረጥ ቅርፊቱ ይነቃነቃል፣ ፍርፋሪው ወደ ቤት ይገባል። ሁለቱ ማዕድናት ውኃ ውስጥ ሲነካኩ ደግሞ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ የሚበላውም እርሳሱ ነው። በ2010 መጀመሪያ የበሽታ መቆጣጠር ማዕከሉ ግማሽ መስመር የተቀየረላቸው ቤቶች ልጆች በደማቸው ከፍ ያለ እርሳስ ሊገኝባቸው እንደሚችል አስጠነቀቀ። ገንዘብ ያለው ሙሉውን አስቀየረ፤ የሌለው ግማሹን ተቀበለ፤ ተከራይ ደግሞ ከነጭራሹ አልተጠየቀም።

ፍሊንትን የማታውቁ አትኖሩም። በሚያዝያ 2014 የሚሺጋኗ ከተማ የውኃ ምንጯን ወደ ፍሊንት ወንዝ ስታዞር ቧንቧ የሚጠብቀው ፎስፌት አልተጨመረም። እዚያም ጠርሙሱ በአግባቡ አልተያዘም። ነዋሪዎች ለምርመራ ከመቅዳታቸው በፊት ማታውኑ ቧንቧውን ለጥቂት ደቂቃ እንዲያፈስሱ የሚል መመሪያ ተሰጥቷቸው ነበር፤ እንዲህ ሲሆን የተፈታው እርሳስ አስቀድሞ ታጥቦ ይሄዳል። በ2015 ከተሰበሰቡት 71 ናሙናዎች ሁለቱ ከፍተኞች ሲወጡ የከተማው ቁጥር ከመስመሩ በላይ የነበረው ወደ 11 ወረደ። አንዷ የተጣለችው ናሙና ልጆቻቸው ታመው ሲጮኹ ከነበሩት ከሊያን ዎልተርስ ቤት የተቀዳች ነች። ኤድዋርድስን ወደ ፍሊንት የጠሯቸውም እኚሁ እናት ናቸው። በየካቲት 2016 የፌዴራሉ ኤጀንሲ አስቀድሞ ማፍሰስን፣ የቧንቧ ወንፊት ማስወለቅንና አፈ ጠባብ ጠርሙስን ለምርመራ አትጠቀሙ ብሎ ለክልሎች ጻፈ። አፈ ጠባብ ጠርሙስ ሰው ቧንቧውን ቀስ አድርጎ እንዲከፍት ያስገድዳል፤ ቀስ ብሎ የወረደ ውኃ የቅርፊቱን ፍርፋሪ አያነሳም። አያችሁ፣ የጠርሙስ አፍ እንኳ ቁጥር ይለውጣል።

ደንቡ በ2021 ተሻሽሎ የእርሳስ መስመር ባለባቸው ቤቶች አምስተኛው ሊትር እንዲለካ አለ። በጥቅምት 2024 የወጣው ደግሞ ከዚያ ሄደ። ቀጂው አምስት ጠርሙስ በተርታ ያዘጋጃል፣ ቧንቧውን ሳይዘጋ አንድ በአንድ ይሞላል፤ የመጀመሪያውና አምስተኛው ይለካሉ፤ ከሁለቱ የከፋው ይያዛል። የእርምጃው መነሻ ከ15 ወደ 10 እንዲወርድ ተወስኗል። ከተሞች የእርሳስ መስመሮቻቸውን፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ በ10 ዓመት ውስጥ አውጥተው እንዲጨርሱ ታዘዋል፤ ቆጠራው በ2027 ይጀምራል። ኤድዋርድስ በ2003 በአንድ ወጥ ቤት ውስጥ ያዩት ነገር ደንብ ለመሆን ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀበት።

የውኃው ነገር ለከተማው በተገለጠበት ዓመት፣ በ2004፣ የዲሲ ምክር ቤት የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አውጥቷል። በዚህ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ብዙ ተናጋሪ ባላቸው ቋንቋዎች መተርጎም አለባቸው፤ አማርኛ አንዱ ነው። ስለ ውኃችሁ የመጣ ወረቀት ካልገባችሁ በአማርኛ አስረዱኝ ማለትን አትፈሩ።

ቤታችሁ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ምድር ቤት ውረዱ። ከመንገድ በኩል ባለው ግድግዳ ውኃው የሚገባበትን ቧንቧ ፈልጉ። ከዋናው መዝጊያ በፊት ባለው ክፍል በቁልፍ ጫፍ ጫር አድርጉት። እንደ አንድ ሳንቲም ቀላ ካለ መዳብ ነው። ግራጫ ሆኖ ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፤ ይህም ድሮ ከእርሳስ መስመር ጋር ተያይዞ ከነበረ እርሳስ አጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ግራጫ ሆኖ ማግኔት ካልያዘውና የተጫረው ቦታ እንደ ብር ካብለጨለጨ እርሳስ ነው። ለዲሲ ዎተር ደውሉ፣ ውኃው እንዲለካ ጠይቁ። መስመሩ እስኪወጣ ድረስ ለመጠጥ፣ ለቡና፣ ለወጥና ለጡጦ ቀዝቃዛውን ውኃ ብቻ፣ ያውም እርሳስ እንደሚያስቀር በኤንኤስኤፍ 53 መለኪያ በተረጋገጠ ማጣሪያ አሳልፋችሁ ተጠቀሙ፤ የማጣሪያውን ውስጠኛ ክፍል በጊዜው ቀይሩ። ከስድስት ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ ሐኪሙን የእርሳስ የደም ምርመራ እንዲያዝለት ንገሩት። ተከራይ ከሆናችሁ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት አከራዩን ጠይቁ፤ ከ2019 ጀምሮ የጸናው የከተማው ሕግ ስለ እርሳሱ መስመር የሚያውቀውን እንዲነግራችሁ ያስገድደዋል፤ ያው ሕግ መሥሪያ ቤቱንም ግማሹን ቀይሮ ግማሹን እንዳይተው ከልክሎታል።